ቀይ ቴስት አድራሻ ይኑረው፦ «ሁሉንም ባንድ ላይ አስኪዱ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ብርሃን ኮድ በምንጽፍ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አምስትና ስድስት ሰው ያለው ቡድን አውቶማቲክ ቴስቶቹን (ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን በራሳቸው የሚፈትኑ ትንንሽ ኮዶችን) በየምድቡ ሲከፋፍል መዋል የለበትም፤ ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማስኬድ፣ አንዱ ወድቆ ከቀላ ጥፋቱን መፈለግ፣ ሁሉም አልፎ አረንጓዴ ከሆነ ፕሮግራሙን ለተጠቃሚ መልቀቅ። ጸሐፊውን በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ዳታቤዝ ምን እንደሆነ ገና ሳይገባኝ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው (እዚህ አገር ሻይ ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ቢሆንም ውለታ ውለታ ነው)። ስለዚህ ምላሼን እንደ ጠብ አይዩብኝ። ካነሷቸው አምስት ነጥቦች በአንዱ በግማሽ እስማማለሁ፤ በአራቱ አልስማማም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ቴስት ሁሉ እኩል ነው የሚል ነው። አንዱም ከቀላ ፕሮግራሙ አይለቀቅም፤ ታዲያ ቀዩ ከየትኛው ምድብ ቢሆን ምን ለውጥ ያመጣል ይላሉ። አይለቀቅም በሚለው አንጣላም። ነገር ግን ቴስት የሚሠራልን ሥራ ሁለት ነው። «ተበላሽቷል» ብሎ ይጮሃል፤ ከዚያ ደግሞ የተበላሸው የት ጋ እንደሆነ ይጠቁማል። በእሳቸው ዘዴ ጩኸቱ አለ፤ ጥቆማው ግን ለሰው ትከሻ ይተዋል። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ በራሳችን ላይ ከደረሰው ልንገራችሁ።

የምንሠራው ለገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚሆን ፕሮግራም ነው። ቁጠባ ይመዘግባል፣ የብድር መክፈያ ሰሌዳ ያወጣል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ለአባላት አጭር መልእክት ይልካል። ያኔ ከስምንት መቶ በላይ ቴስት ነበረን፤ ሁሉም በአንድ ዝርዝር፣ በፊደል ተራ፣ ልክ ጸሐፊው እንደሚመክሩት። አንድ ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ቢሮ ስንገባ 63ቱ ቀልተው አገኘናቸው። ብድር አለበት፣ ደረሰኝ አለበት፣ አጭር መልእክት አለበት፣ የወር መዝጊያ ሪፖርትም አለበት። ማታውኑ አንዱ ባልደረባችን የወለድ ስሌቱን ቀይሮ ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቅሎ ስለነበር ጣታችን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በዚያ ብርድ ልጁን ላብ አጠመቀው። የእሱን ለውጥ አወጣነው፤ ያው 63። ዳታቤዙን ጠረጠርን፤ አዲስ ጭነን ብናይ ያው 63። አታሚውን የጠረጠረም አልጠፋም፤ ቴስቱ አታሚ ጨርሶ እንደማይነካ ትዝ ያለው የለም። ባግ (የኮድ ጥፋት) ፍለጋ ወጥተን በግ እንደጠፋበት እረኛ በየሸንተረሩ መዞር ያዝን።

አምስት ሰዓት ገደማ ስልክ ጮኸ። ከመንዝ፣ ከሞላሌ፣ ገንዘብ ያዧ ናቸው።

«ልጄ፣ ደረሰኙ እምቢ አለኝ እኮ።»

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተውታል?»

«እሱንማ ሁለቴ አጥፍቻለሁ። የትናንቱን ደግሜ ሳዘው ይወጣል። የሐምሌውም ይወጣል። የዛሬው ብቻ ነው አልወጣ ያለኝ። ጳጉሜን አያውቃትም መሰለኝ ይሄ ነገራችሁ!»

ስልኩን ያነሳው ልጅ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ስልኩን በትከሻው እንደያዘ የወር ስሞች ያሉበትን ፋይል ከፈተ። መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ነሐሴ ላይ ያበቃል። አሥራ ሁለት ስም። አሥራ ሦስተኛውን የጠየቀ ማንኛውም ክፍል ይወድቃል፤ ብድሩም፣ ደረሰኙም፣ መልእክቱም፣ ሪፖርቱም የወር ስም ይጠራሉና ሁሉም ወደቁ። ቴስቶቻችን ደግሞ ቀኑን በእጅ ከመስጠት ይልቅ የማሽኑን «ዛሬ» ስለሚወስዱ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። ስድሳ ሦስት ቀይ፣ ጥፋቱ አንድ መስመር።

እትዬ ኮድ አያውቁም። እኛ ግማሽ ቀን ያጣነውን ግን በአንድ ትንፋሽ ነገሩን። እንዴት ቢባል፣ የሚወጣውን ካልወጣው ለዩ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ፈለጉ፤ ልዩነቱ ቀኑ ብቻ ሆነ። እኛ 63ቱን ቀይ አፍጥጠን ስናይ ያለፉት ሰባት መቶ ምናምን ቴስቶች ምስክር መሆናቸውን ረስተናል። ይህ ዘዴ በምርምር ዓለምም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆንስ፣ ሃሮልድና ስታስኮ የተባሉ ተመራማሪዎች ታራንቱላ የሚባል መሣሪያ ይፋ አድርገው ነበር። መሣሪያው እያንዳንዱን የኮድ መስመር የወደቁ ቴስቶች ናቸው አብዝተው የረገጡት ወይስ ያለፉት ብሎ ያመዛዝንና መስመሩን ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ቀለም ይቀባዋል። የወደቁት የሚረግጡት፣ ያለፉት የማይደርሱበት መስመር ቀይ ሆኖ ይወጣል። የሞላሌዋ ገንዘብ ያዥ በእጃቸው የሠሩት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ አከፋፈላችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» በሚለው ነው። ሌላው ሁሉ የቆመባቸው ሦስት ምድቦች ቀድመው ይሄዳሉ፦ ቀን መቁጠሪያ፣ የገንዘብ ስሌት፣ ስምና ፊደል። ከእነዚህ አንዱ ከቀላ የቀረው አይሄድም፤ ወደ ላይ ወጥቶ የብድር ቴስት ማንበብ ትርጉም የለውማ። የቀን መቁጠሪያው ምድብ አሁን ጳጉሜን 5ን፣ በዘመነ ሉቃስ የምትመጣዋን ጳጉሜን 6ን፣ ከእሷም ማግስት አዲስ ዓመቱ በፈረንጆቹ በአንድ ቀን መገፋቱን ይፈትናል፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ውሎ ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ። «ኃይሌ» ተብሎ የተመዘገበ አባል «ሀይሌ» ወይም «ሐይሌ» ተብሎ ሲፈለግ መገኘቱን የሚያየው የስምና ፊደል ምድብ ነው። አጭር መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው እንደ ላቲኑ 160 ሳይሆን 70 ፊደል ብቻ መሆኑንም እዚያው እንፈትነዋለን፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይሰነጠቃልና ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የምንጽፍበት የኮድ ቋንቋ፣ ፓይተን 3፣ የፈንክሽንን (ስም ተሰጥቶት የሚጠራ የኮድ ክፍል) ስም በግዕዝ ፊደል እንድንጽፍ ይፈቅዳል። ቴስቶቹን የሚያስኬደው መሣሪያ፣ ፓይቴስት፣ ቴስት መሆኑን የሚያውቅበትን ቅድመ ቃል ብቻ በላቲን እንተውና የቀረውን በአማርኛ እንጽፋለን። «ቴስት 14 ወድቋል» ከሚል ቀይ መስመር ይልቅ «ጳጉሜን 1 የተከፈለ ቁጠባ ደረሰኙ ላይ ጳጉሜን ይላል» የሚል ቀይ መስመር ስታነቡ ግማሹ ሥራ አልቋል። አንዳንዶች ይስቁብናል። ይሳቁ።

ሁለተኛው ነጥባቸው መከፋፈል ግድ ከሆነ በኮዱ ፎልደር ወይም በጻፈው ሰው ስም ይከፋፈል የሚል ነው። በግማሽ የምስማማው እዚህ ላይ ነው። አንድ ፈንክሽን ብቻ የሚነኩ ትንንሽ ቴስቶች የኮዱን ፎልደር ቢከተሉ መልካም ነው፤ አንባቢም አይደናገርም። በሰው ስም ግን አይሆንም። ሰው ሥራ ይለቃል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ስልኩን ይቀይራል። ከዚያም በላይ ቀዩ የሰው ስም ይዞ ሲመጣ ነገሩ ጥፋት ፍለጋ መሆኑ ይቀርና ጥፋተኛ ፍለጋ ይሆናል። የወለድ ስሌቱን የቀየረው ልጃችን የዚያን ቀን ጠዋት ያየው አበሳ ይበቃል።

ጸሐፊው እዚሁ ነጥብ ላይ ታግ (ቴስት ላይ የሚለጠፍ መለያ ቃል) ማብዛት በሽታ ነው ያሉት ግን እውነት ነው፤ እኔው ራሴ ታምሜበታለሁ። አንድ ሰሞን ከሠላሳ በላይ ታግ ነበረን። «ዋና» የሚል ነበር፤ «አስቸኳይ» የሚል ነበር፤ ቀጥሎ «በጣም አስቸኳይ» መጣ። አንድ ቴስት አራት ታግ ተሸክሞ ሲወድቅ ከአራቱ የትኛው ምክንያቱን እንደሚናገር የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉንም ጠራርገን አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀረን፦ ይህ ቴስት ምን ይነካል? ጉግል ውስጥ የሚሠሩበት አከፋፈልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትንሽ የሚባለው በአንድ ፕሮሰስ (እየሄደ ባለ አንድ ፕሮግራም) ውስጥ ያልቃል፤ ዲስክም ኔትወርክም አይነካም። መካከለኛው ከአንድ ማሽን አይወጣም። ትልቁ ከዚያ ያለፈው ነው። ይህ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲሞት በላፕቶፕ ባትሪ ትንንሾቹን ብቻ አስኪዶ ሥራን መቀጠል ይቻላል። በጸሐፊው ባለ አንድ ቅርጫት ዘዴ ያን ቀን ሁሉም ቴስት ቀይ ይሆናል፤ ቀዩ የሚነግራችሁም መብራት መጥፋቱን ነው፤ እሱን ደግሞ አምፖሉን አይታችሁ ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ሳይጠቀሙበት የሚያልፉት ሰዎች የሚያስገርሙኝ ነገር አለ። ፓይቴስት ሳይጠየቅ በራሱ ይከፋፍላል። የቴስቱ አካል ሲወድቅ «ኤፍ» (F) ይጽፋል፤ ከቴስቱ በፊት የሚዘጋጀው ነገር፣ ለምሳሌ ዳታቤዙን ማስነሳት፣ ሲከሽፍ «ኢ» (E) ይጽፋል። ማያው በ«ኢ» ከተሞላ አንዱንም ቴስት አታንብቡ፤ ምጣዱ ሳይሰማ ስለ እንጀራው ዓይን ማውራት ይሆናል። በቀጥታ ወደ ዝግጅቱ ሂዱ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ማለቴ አይቀርም፤ ብዙ ሰው ያሳመነው እሱ ነውና። አርባ ትንንሽ ቴስት ከመጻፍ አንድ ረጅም ታሪክ ይጻፍ ይላሉ፦ አባል ይመዝገብ፣ ይቆጥብ፣ ይበደር፣ ይክፈል፣ ሒሳቡን ይዝጋ። እውነተኛው ተጠቃሚ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱ ቴስት ካለፈ ሁሉም አልፏል ማለት ነው ይላሉ። ሲያልፍማ ያምራል። ሲወድቅስ?

ከደብረ ብርሃን የተነሳ አውቶቡስ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ቀረ እንበል። ጣርማበር ላይ ጉም ይዞት ይሆናል። ዋሻው ውስጥ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ዘግቶበት ይሆናል። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ግሎ ቆሞ ይሆናል። ወይ ደግሞ ሰው አልሞላ ብሎት ገና ከመናኸሪያው አልወጣም። ሸዋ ሮቢት የምትጠብቁት እናንተ ግን «አልደረሰም» ከማለት በቀር የምታውቁት የለም። ረጅሙ ቴስት እንዲህ ነው።

የእኛው ረጅም ቴስት አሥራ አንድ ማረጋገጫ ነበረው። አራተኛው ላይ ሲወድቅ የቀሩት ሰባቱ አይሄዱም፤ ደህና ይሁኑ አይሁኑ አይታወቅም። አራተኛውን ጠግነን «ነገ እንለቃለን» ብለን ለማኅበሩ ደወልን። ስናስኬደው ዘጠነኛው ቀላ። እሱን ስንጠግን አሥራ አንደኛው። ሦስት ቀን፣ ሦስት ይቅርታ። ዛሬ እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ቴስት አለው፤ የሚፈልገውን አባልና ሒሳብ ራሱ ፈጥሮ ይጀምራል። የመክፈያው ቴስት ብድር እስኪሰጥ አይጠብቅም፤ የተሰጠ ብድር ይዞ ይነሳል። ጣርማበር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እንዳላችሁ ቁጠሩት። ረጅሞቹን ፈጽመን አልጣልናቸውም፤ ሦስቱን አስቀርተናል፤ መጨረሻ ላይ ይሄዳሉ። ትንንሾቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ረጅሙ ብቻ ከቀላ ጥፋቱ በምዕራፎቹ መገናኛ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይሄም ራሱ ጥቆማ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ አለ። ቴስቶች በአንድ ዝርዝር ሁልጊዜ በአንድ ተራ ሲሄዱ አንዱ የሌላውን ጥራጊ መብላት ይለምዳል። አንዱ ቴስት አባል መዝግቦ ሳያጠፋ ይወጣል፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው «አባላት ስንት ናቸው?» ብሎ ሲቆጥር ያንን ጨምሮ ይቆጥራል። ለብቻው ሲሄድ ያልፋል፤ ከሌሎች ጋር ሲሄድ ይወድቃል። መፍትሔው በጊት ኮሚቶች (በየጊዜው በተመዘገቡ የኮድ ለውጦች) ውስጥ ጥፋት ስንፈልግ እንደምናደርገው እየገመሱ መሄድ ነው። ከእሱ በፊት 200 ቴስት ካለ መጀመሪያ መቶውን ብቻ አስቀድሞ ማስኬድ፤ ከወደቀ ጥራጊውን የተወው ቴስት እዚያ ውስጥ ነው፤ ካልወደቀ በቀሪው መቶ ውስጥ። በስምንት ሙከራ ይያዛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቴስቶቹን ሁልጊዜ ተራቸውን እያቀያየሩ ማስኬድ ነው፤ ያኔ ጥራጊ የሚበላው ገና ሳይለምድ ይጋለጣል።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመጣበት ዘመን ሎጉን (ማሽኑ የጻፈውን የሥራ መዝገብ) ገልብጦ ሰጥቶ መጠየቅ በቂ ነው ይላሉ። እኔም እጠይቀዋለሁ፤ ያግዛልም። ነገር ግን የምትሰጡት ሎግ «እውነት ይጠበቅ ነበር፣ ሐሰት ተገኘ» ብቻ የሚል ከሆነ እሱም እንደ እኛ ይገምታል። እኛ ጳጉሜን 1 ጠዋት ብንጠይቀው ኖሮ የቅርብ ለውጥ ብለን ከነገርነው ተነስቶ የወለዱን ልጅ ይጠቁም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ደግሞም ሎጋችን ውስጥ የአባላት ስምና ሒሳብ ሊኖርበት ይችላል፤ ያንን አውጥቶ ለማያውቁት ማሽን መስጠት በእኛ ቢሮ ክልክል ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ወላዋይ ቴስቶችን ይመለከታል፤ አንዴ የሚያልፉ አንዴ የሚወድቁ ናቸው። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱ፤ አንዴ ካለፈ አረንጓዴ በሉት ይላሉ። ችግሩ የጥቂቶች አለመሆኑን አልክድም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ከቴስቶቹ 16 በመቶ ያህሉ መወላወል እንደሚታይባቸው፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ከሚደረጉት ሽግግሮችም 84 በመቶው ወላዋይ ቴስት ያለበት መሆኑን ገልጾ ነበር። ጉግልን ያህል ድርጅት እንዲህ ከሆነ እኛማ! ግን መወላወል ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 አፓቺ የተባለውን የክፍት ኮድ ድርጅት ፕሮጀክቶች የመረመሩ አጥኚዎች ግማሽ የሚጠጋው ውጤቱ እስኪደርስ በአግባቡ ካለመጠበቅ የሚመጣ መሆኑን አሳይተዋል፤ ቀጥሎ እኩል የሚሄዱ ሥራዎች መሻማት፣ ከዚያ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የቴስቶች ተራ ጉዳይ።

እኛ ዘንድ የነበረው ወላዋይ የሚወድቀው ሌሊት በሚሠራው ልጅ እጅ ብቻ ነበር። ቀን እኛ ስናስኬደው ያልፋል። «አንተ እጅህ ላይ ነው» እያልን ስቀንበታል። ነገሩ ሲጣራ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚሄደው፤ አገራችን ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የልጁ ላፕቶፕ አዲስ ቀን ውስጥ ገብቷል፤ ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው። ቴስቱ የሁለቱን ቀን ያስተያይ ነበር። በጸሐፊው ምክር ሌሊት ሦስት ጊዜ ብናስኬደው ሦስቴም ይወድቃል፤ ጠዋት አንዴ ብናስኬደው ያልፍና አረንጓዴ ተብሎ ይረሳል። በዚያ ሰዓት የተከፈለ ቁጠባ ግን በተሳሳተ ቀን ይመዘገብ ነበር።

ስለዚህ ወላዋዮቹን ከሌሎቹ አውጥተን ለይቶ ማቆያ አስገባናቸው፤ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ቃል እዚህም ሠራ። ማቆያ የገባ ቴስት በየቀኑ ይሄዳል፤ ግን ቢወድቅም ፕሮግራሙ ይለቀቃል። የወደቀበት ሰዓት ሁሉ ይመዘገባል፤ የሌሊቱን ነገር ያጋለጠው ይኸው መዝገብ ነው። የገባበት ቀንና የሚያወጣው ሰው ስም ይጻፋል። (አዎ፣ በሰው ስም አይሁን ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን ስሙ የተጠሪው ነው፣ ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ አይደለም።) ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይ ይጠገናል ወይ ይሰረዛል።

ይህን ስጽፍ ማቆያው ውስጥ አራት ቴስቶች አሉ። ሦስቱ ገና ጊዜያቸው ነው። አራተኛው ከገባ ሃያ ቀን አልፎታል፤ ተጠሪው ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው።